የወንድም ጋሼ የባሕር ምክር

ጥር 9 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጉንፋኑ ለቆኛል፤ ባለቤቴም ያንን ጉልበቱን እያሸ ደህና ነው፤ ልጆቹ እጅ ይነሡሃል። ሰላምታውን በአንድ ትንፋሽ የጨረስኩት፣ "የሰማሁት እውነት ነው ወይ?" ብለህ የጠየቅኸኝን ሳልመልስ ብቆይ እንቅልፍ እንደማይወስድህ ስለማውቅ ነው።

እውነት ነው። የሸራ ጀልባ ክበቡ የስልጠና ኃላፊ አድርጎ መርጦኛል።

እኔ እዚያ ክበብ የገባሁት ለቃለ ጉባኤ እንደሆነ ታውቃለህ። አለቃዬ የጥርስ ሐኪሙ፣ ልቡን የሚያየው ሐኪም "ንፋስ ተቀበል" ብሎት አባል ሲሆን፣ ጸሐፊ የለንም ቢሉት "እኔ አለችኝ" ብሎ ይዞኝ ሄደ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጥርስ ያመማቸውን እመዘግባለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ጀልባ ያማራቸውን። በዚህ ተስማምተን ስድስት ዓመት ኖረናል።

ባለፈው ወር አሰልጣኛችን ሥራ ተቀይሮ ሄደ። የማሰልጠኛ ደብተሩንም ይዞት ሄደ። ሳምንት ሳይሞላ የሐይቁ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ላከብን። ወቅቱ ከመከፈቱ በፊት አባላቱ በሙሉ በተቆጣጣሪ ፊት ሦስት ነገር ሠርተው ማሳየት አለባቸው፦ ሸራ መስቀል፣ የተገለበጠ ጀልባ ማቃናት፣ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ማውጣት። ካልቻልን የጀልባ ማቆሚያችን በእግር የሚዘወሩ የዳክዬ ቅርጽ ያላቸውን ጀልባዎች ለሚያከራይ ሰው ይሰጣል። ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጣ የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ ደብዳቤውን አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ "በዳክዬ ልንተካ ነው" አለ። ከዚያ በኋላ ስብሰባው ዝም አለ።

ዝምታው ከበደኝና፣ ከምጽፍበት ቀና ብዬ፣ ነገር ለማንሣት ያህል ብቻ "የእኔ ወንድም እኮ ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ ነው" አልኩ። በአንድ ድምፅ መረጡኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

እንግዲህ አደራ። ምን አስተምራቸው? ከየትኛው ቋጠሮ ልጀምር? ሰው ሲወድቅስ መጀመሪያ የሚደረገው ምንድን ነው? ልደውልልህ አስቤ ነበር፤ ግን ስለ መርከብ ሥራህ በስልክ ስጠይቅህ ሁልጊዜ ሳል ይነሣብሃል። ደብዳቤ ላይ ሳል የለም።

እህትህ


ጥር 22 ቀን

ይድረስ ለእታለም፤

መዘግየቴን ይቅር በይኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። አስከትለሽ በላክሽው አጭር ደብዳቤ ስንት ሰዓት እንደምነሣ ጠይቀሻል፤ ከሁሉም በፊት እነሣለሁ። እኔ ሳልነሣ በዚህ መርከብ ላይ አንድም ሰው ሥራ አይጀምርም። ከዚህ በላይ ስለ ኃላፊነቴ ማውራት ጉራ ይሆንብኛል።

ለክበባችሁ የምመክረው ይኸውልሽ። ያልታሰረ ዕቃ አትተዉ። ማዕበል ሲነሣ ከሁሉ ቀድሞ የሚበርረው ክዳን ነው፤ ክዳን ስል የማንኛውንም ነገር ክዳን ማለቴ ነው። ቀጥሎ፣ አንዱ እጅ ለሥራ ከሆነ ሌላው እጅ ለራስ ይሁን፤ በሁለቱም እጁ ትኩስ ነገር የያዘ ሰው ደረጃ ላይ ምን እንደሚገጥመው አይቻለሁ። የረጠበ ወለል ላይ ጨው መበተን ጥሩ ነው። ሠልጣኝ በባዶ ሆዱ አይሠልጥን፤ ጠግቦም አይሠልጥን። ልክ ልኩን በልቶ ይምጣ።

ስለ ቋጠሮ ብዙ ሰው ብዙ ያወራል። እኔ የማምነው አንድ ነው፤ እሱም የጆንያ አፍ የሚታሰርበት። በሥዕል አድርጌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ይኼኛው ግን ቢሮጡም ቢቆሙም አይፈታም።

ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ ማን እንደወደቀ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የቆየ የባሕር ዘዴ አለ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሳህን ይመደባል። በሰዓቱ ሳህኑን ያላነሣ ሰው የለም ማለት ነው። በዚህ ዘዴ ስቼ አላውቅም።

ሌላውን ጥያቄሽን አንድ አንዱን እያደረግሽ ላኪልኝ። ለአባላቱ ስለ እኔ ብዙ አታውሪላቸው።

ወንድምሽ


የካቲት 5 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

በኋላ በላክኸው አጭር ደብዳቤ የጆንያው ቋጠሮ እንዴት ሆነ ብለህ ጠይቀሃል። ከዚያ ልጀምርልህ።

ጀልባዎቹ ገና በሸራ ተሸፍነው መሬት ላይ ስላሉ፣ ስልጠናውን ማታ ማታ በክሊኒኩ የበሽተኛ ማቆያ ክፍል ውስጥ ጀመርነው። ወለሉ ላይ በጠመኔ ጀልባ ሣልኩ። ሁለት አግዳሚ ወንበር ግራና ቀኝ፣ የአልጋ አንሶላ ለሸራ፣ የመጥረጊያ እንጨት ለሸራው ማሰሪያ። ንፋሱ የጣሪያው ማራገቢያ ነው። የጥርስ ሐኪሙ ውኃ ውስጥ የወደቀውን ሰው መሆን ስላለበት ወገቡ ላይ ያንተን ቋጠሮ አሰርንበት። እንዳልከውም አልተፈታም። ስምንታችንም በየተራ ሞክረናል። የጥርስ መንቀያውን አምጥተን ስንሞክርም የባሰ ጠበቀ። በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ፣ ሸራዎቻችንን የምትጠግነዋ፣ ገመዱ አዲስ ስለነበረ እንባ እየተናነቃት በመቀስ ቆረጠችው። ሐኪሙ እስካሁን በጎኑ መተኛት አልቻለም፤ ግን "ካፒቴኑ የሚያውቀውን ያውቃል" አለኝ።

ሊቀመንበሩ ደግሞ በስንት ዲግሪ መዞር እንዳለብን ሲያስረዳ መጥረጊያው ዞሮ ግንባሩን አገኘው። ስንት ዲግሪ እንደዞረ ግን ተናግሯል።

ሳህኑን በሚመለከት ከቤት ስምንት ሳህን አመጣሁ። ባለቤቴ "ምን ልትበሉ ነው?" ቢለኝ "የባሕር ዘዴ ነው" ብዬ ዘጋሁት። ስልጠናው ሲያልቅ ሁሉም ሳህኑን አነሣ፤ አንድ ሳህን ብቻ ቀረ። ብንፈልግ ሊቀመንበሩ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲያንኳኳ ኖሯል። ማንም አልሰማውም ነበር። እኔም አንተም ከዚያ ቀን ጀምሮ ነቢይ ሆነናል።

አሁን ከባዱ ቀረ። የተገለበጠ ጀልባ የሚቃናው እንዴት ነው? በዝርዝር ጻፍልኝ። ደግሞ ማዕረግህን ትክክለኛውን ንገረኝ። ሊቀመንበሩ ቃለ ጉባኤው ላይ "ካፒቴን" ብለሽ ጻፊ ይለኛል፤ እኔ ምክትል ይመስለኝ ነበር። አባባ በሕይወት ቢኖር እሱን እጠይቅ ነበር።

እህትህ


የካቲት 17 ቀን

ይድረስ ለእታለም፤

ማዕረግ እንደ ባሕሩ ነው፤ ከፍም ዝቅም ይላል። በዚህ ላይ ጊዜ አናጥፋ። የጠየቅሽው መልስ ከዚህ ቀጥሎ ቀርቧል።

ጀልባ በጎኑ ሲገለበጥ ተሳፋሪዎች በምንም ምክንያት ከጀልባው መራቅ የለባቸውም። ጀልባው አይሰምጥም። አስቀድሞ ሸራውን የሚጎትተው ገመድ ይለቀቃል፤ ካልተለቀቀ ጀልባው ከተቃና በኋላ ተመልሶ ይገለበጣል። ሁለት ሰዎች ካሉ፣ አንደኛው በጀልባው ሆድ በኩል ዞሮ ከሥሩ በሚወጣው ሳንቃ ላይ በመቆም ከላይኛው ጠርዝ የታሰረውን ገመድ ይዞ ወደ ኋላው ይለጠጣል። ሁለተኛው በሸራው በኩል ክብደቱን ሳይጥል ተንሳፍፎ ይቆያል። ጀልባው ሲቃና እሱን አፍሶ ያነሣዋል። በጉልበት መጎተት አያስፈልግም፤ የሰውነት ክብደትና ትዕግሥት ይበቃል። ልምምዱ መጀመሪያ ጥልቀት በሌለው ውኃ መከናወን አለበት። ሁሉም ሠልጣኞች የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይለብሳሉ። ይህ ለድርድር አይቀርብም።

ወንድምሽ

እታለም፣ ረስቼው፦ ሌላ ጥያቄ ካለሽ አሳጥሪውና እንዳይበዛ። እንቁላል እያለቀብን ነው።


መጋቢት 1 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

አስከትለህ በላክኸው ወረቀት ለጠየቅኸኝ፦ አይ፣ ማንም አልሞተም። ይህን ያህል ለምን እንደፈራህ አልገባኝም፤ መመሪያውን የጻፍከው አንተ ነህ።

ባለፈው ቅዳሜ ጀልባዎቹን ወደ ውኃ አወረድናቸው። እኔ ደብዳቤህን በላስቲክ ሸፍኜ፣ ፊሽካ አንገቴ ላይ አድርጌ፣ ከዳር ሆኜ መስመር በመስመር አነበብኩላቸው። መጀመሪያ የተገለበጡት የጥርስ ሐኪሙና ልብስ ሰፊዋ ናቸው። ሐኪሙ ውኃ ውስጥ እንደገባ "ቤተሰቤን አደራ" እያለ ጮኸ። "ቁም" አልኩት። "አልችልም" አለኝ። "ቁም ስልህ" አልኩት። ቆመ። ውኃው ጉልበቱ ድረስ ነበር። ክሊኒክ ውስጥ በሽተኛውን "ምንም አያምም" የሚለው እሱ መሆኑን አስታወስኩት።

ልብስ ሰፊዋ ግን እንዳልከው ሳንቃው ላይ ቆማ፣ ገመዱን ይዛ፣ ልክ ወንበር ላይ ተደግፋ ጥልፍ እንደምትጠልፍ ሴት ወደ ኋላ ጋደም አለች። ጀልባው ብድግ ብሎ ተቃና፤ ሐኪሙንም ከነእንባው አፍሶ አነሣው። በዚያን ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ገልብጠን አሥራ አንድ ጊዜ አቃናን። ሊቀመንበሩ በሰዓት እየያዘ አማካዩን አውጥቷል።

እና ወንድም ጋሼ፣ አመሰግንሃለሁ። ግን አንድ ነገር ልበልህ፣ አትቀየመኝ። ያ ደብዳቤ ያንተ አይመስልም። አንድም ቀልድ የለበትም። "ለድርድር አይቀርብም" የሚል ቃል ካንተ አፍ ወጥቶ አያውቅም። እንቁላሉስ ምንድን ነው?

በዚያው ወረቀት ለፈተናው ቀን እንዳልጠራህ ለምነኸኝ ነበር። ዘግይተሃል። ፈተናው መጋቢት 27 ነው፤ ያንተ ዕረፍት ደግሞ በዚያው ሰሞን እንደሚውል ለባለቤቴ ጽፈህለታል፣ እሱ ለሐኪሙ ነገረው፣ ሐኪሙ ለሊቀመንበሩ። የዕለቱ የክብር መሪያችን እንድትሆን ተወስኗል። ልብስ ሰፊዋ እጅጌው ላይ አራት የወርቅ መስመር ያለው ጃኬት እየሰፋችልህ ነው። የትከሻህን ልክ ላክልኝ። ሰው ከውኃ ስለማውጣት የጠየቅኩህንም አትርሳ።

እህትህ


መጋቢት 9 ቀን

ይድረስ ለእታለም፤

ልብስ ሰፊዋ እጇን ታቁም። አራቱን መስመር ትፍታው።

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አሁን ሳልቀድደው ፖስታ ቤት የሚሄድ ጓደኛ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፤ ስለዚህ በአጭሩ ልበልሽ። እኔ የመርከቡ ምግብ አብሳይ ነኝ። ካፒቴን አይደለሁም፤ ምክትል አይደለሁም፤ የምክትሉ ረዳትም አይደለሁም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሃያ ሁለት ሰው ቁርስ፣ ምሳና እራት ስሠራ ኖሬያለሁ። ዓለምን የዞርኳት ፊቴን ወደ ምድጃ አዙሬ ነው። ባሕሩን የማውቀው በሳህን ስፋት ባለ መስኮት ነው፤ እሱም በእንፋሎት ተሸፍኖ ነው የሚውለው። ዋናም አልችልም።

እንዴት እንደተጀመረ ማወቅ መብትሽ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሙቀቱ አንገፍግፎኝ አየር ልቀበል ወደ ላይ ስወጣ፣ የዚያን ጊዜው መኮንን ለቀልድ ባርኔጣውን ጭንቅላቴ ላይ ደፋብኝና ፎቶ ተነሣሁ። ደስ ብሎኝ ለአባባ ላክሁት። አባባ በመስታወት አስገብቶ ሳሎን ሰቀለው፤ ጎረቤቱን በሙሉ ጠርቶ አሳየ። በሚቀጥለው ደብዳቤው ላይ "ካፒቴን ልጄ ሆይ" ብሎ ጀመረ። እታለም፣ አባባ ከዚያ በፊት በእኔ ተደስቶ ያየሁበትን ቀን አላስታውስም። "ድስት ነው የማጥበው" ብዬ ልጻፍለት? ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ቀጠልኩበት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። ስንቁ እንደሚቀልል በዓይኔ አይቻለሁ፤ የእኔ ውሸት ግን በሠላሳ ዓመት አንዲት ግራም አልቀነሰም።

የጀልባ ማቃናቱን የጻፈው የአሁኑ ሁለተኛ መኮንናችን ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ግን ቀልድ አያውቅም። ለአንድ ጥያቄ አንድ ኬክ ተስማምተናል። እንቁላሉ ያለቀው በዚያ ነው። የመጀመሪያው ምክር፣ የክዳኑና የሳህኑ፣ የራሴ ነው። ሐኪሙን ስለ ወገቡ ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ሰው ከውኃ ስለማውጣት ለጠየቅሽኝም ኬኩን ጋግሬያለሁ። መልሱ በሌላኛው ወረቀት ላይ አለ። በእኔ ተናድደሽ እሱን እንዳትጥይው፤ እሱ እውነት ነው።

እኔ አልመጣም። ታመመ በያቸው።

ወንድምሽ


መጋቢት 15 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፤

ተናድጄ እንደሆነ በሁለት መስመር ጽፈህ ጠይቀኸኛል። አዎ፣ ሦስት ቀን ተናድጃለሁ። በመጀመሪያው ቀን በአንተ። በሁለተኛው ቀን ፎቶውን ስወለውል በአባባ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው ስላልቀረ በባለቤቴ። እሱ ግን "እኔ እኮ ጠርጥሬ ነበር፤ ካፒቴን ሆኖ ሽንኩርት ሲከትፍ ጣቱን የማያይ ሰው የት ይገኛል?" አለኝ። በእሱ ላይ የተናደድኩት በዚህም ጭምር ነው።

ካፒቴን አለመሆንህ አይደለም የቆጨኝ። በየዕረፍትህ ስትመጣ ወጥ ቤቴ በር ላይ ቆመህ "እሳቱን ቀንሺው፣ ጨዉን ኋላ ጨምሪው" ስትለኝ፣ "አንተ መርከብህን ንዳ" እያልኩ ሳሎን እሰድድህ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራህን እየቀማሁ እዚያ ፎቶ ሥር አስቀምጬሃለሁ። ያ ነው ያቃጠለኝ።

አሁን የእኔን ስማ። ማንም አያውቀውም፤ ባለቤቴም ጭምር።

እኔ አንድም ቀን ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ፊሽካውን የያዝኩት ከዳር ለመቆም ሰበብ እንዲሆነኝ ነው። ቅዳሜ ማታ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ጫማዬ አለመርጠቡን ነው። ሐኪሙን "ቁም" ብዬ የተቆጣሁት ጉልበት ድረስ ባለ ውኃ ነው፤ እኔ ግን ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ያለውንም አልደፍርም። ከትናንት ወዲያ ደግሞ ከሐይቁ ጽሕፈት ቤት የፈተናው ዝርዝር መጣ። ሦስተኛውን ፈተና፣ ሰው የማውጣቱን፣ መሪውን ይዛ የምታሳየው የስልጠና ኃላፊዋ ራሷ ናት ይላል። ሊቀመንበሩ አንብቦ "ይቺማ ለጸሐፊያችን ቀላል ናት" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይኼው ነው።

ስለዚህ ትመጣለህ። ከፈተናው ሳምንት ቀድመህ ትመጣለህ። ከሥራ በኋላ፣ ማቆሚያው ላይ ሰው በማይኖርበት ሰዓት፣ ሁለታችን እንወጣለን። ፈርቼ ብጮህ የማላፍርበት ሰው ያስፈልገኛል፤ ከአንተ ሌላ ደግሞ የለኝም። ስለ አንተ ለአባላቱ ምን እንደነገርኳቸው ስትመጣ ትሰማለህ። ጃኬቱ ግን ተፈትቷል።

እህትህ


ሚያዝያ 7 ቀን

ይድረስ ለእታለም፤

በሰላም ገብቻለሁ። ስንለያይ ኪሴ ውስጥ በጨመርሽው ቁራጭ ወረቀት ጆሮዬን ጠይቀሻል፤ የቀኙ ደህና ነው፣ ከግራው አሁንም አንገቴን ሳዘነብል ሐይቁ ይንጠባጠባል።

በመጨረሻው ቀን እንዲያ በጥድፊያ በመለያየታችን ይቅር በይኝ። መርከቡ አይጠብቅም፤ ተቆጣጣሪዋ ደግሞ ወረቀቷን ሞልታ እስክትጨርስ መቆም አልቻልኩም። ውጤቱን እስካሁን አለማወቄ እዚህ ያሉትን ሁሉ አስጨንቋል። ሁለተኛው መኮንን በየወደቡ "ደብዳቤ መጣ?" ይለኛል። ሁሉንም ነገር ነግሬዋለሁ፤ ያለ ኬክ ነው የሰማኝ።

ጀልባው ውስጥ ከተቀመጥኩበት ለምን እንደተነሣሁም ጠይቀሻል። እውነቱን ልንገርሽ። ልብስ ሰፊዋ በገለባ ሞልታ የሰፋችውን አሻንጉሊት ተቆጣጣሪዋ አይታ "ይኼ ሰው አይደለም፤ ከመካከላችሁ አንዱ ይውደቅ" ስትል፣ ሐኪሙ ሊቀመንበሩን አየ፣ ሊቀመንበሩ ሰማዩን አየ። እኔ ደግሞ አንቺን አየሁ። መሪው ላይ ያለው እጅሽ ነጭ ሆኗል። በእነዚያ ስድስት ምሽቶች በትንሽዋ ጀልባ ስንዞር፣ አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትነጂ እኔ የጀልባውን ጠርዝ ይዤ ስጸልይ፣ አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር፤ አንቺ የምትፈሪው ማንም በማይፈልግሽ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ቀን ሸራው የሚታሰርበት አግዳሚ እንጨት ዞሮ አናቴን ሲመታኝ እንዴት መሪውን ይዘሽ እኔን ደግፈሽ እንደተመለስሽ አትርሺ። ስለዚህ እንድትፈለጊ ዘለልኩ።

ዘለልኩ ስል፣ ተደናቅፌም ሊሆን ይችላል። አላስታውስም።

ውኃው ውስጥ ምን እንደሆነም አላስታውስም። ሰደርያው አገጬን ይዞ ወደ ላይ ጎተተኝ፤ ከዚያ የአንቺ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ፤ ከዚያ እንደ ዓሣ ጀልባው ወለል ላይ ነበርኩ። የማስታውሰው ዳር ላይ ያሉት ሁሉ እየሳቁ እንደነበር ነው። ተቆጣጣሪዋ እንኳ ፊቷን አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሆነ ነገር ብዬ ጮኼ መሆን አለበት። ሐኪሙን ብጠይቀው "ጸሐፊዋን ጠይቃት" አለኝ። ልብስ ሰፊዋ አፏን በመሐረብ ሸፈነች።

እባክሽ ምን ነበር ያልኩት? አሳፋሪ ከሆነም ንገሪኝ። ከእንግዲህ በኋላ ማፈር አዲስ አይሆንብኝም።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 18 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፤

መጀመሪያ ለሁለተኛው መኮንን ንገረው፦ አልፈናል። ክበቡ ማቆሚያውን ይዟል፤ ዳክዬዎቹ ሌላ ዳር ይፈልጉ። ከስምንታችን ሰባታችን በመጀመሪያው ዙር አለፍን። ሊቀመንበሩ ብቻ ለሐሙስ እንደገና ተቀጠረ፤ ሸራውን በትክክል ሰቅሎ ሳለ የተቆጣጣሪዋን የነጥብ ድምር ስህተት በማረሙ ነው። ሐሙስ ዕለት ዝም ብሎ አለፈ። ተቆጣጣሪዋ ሳህኖቹን አይታ ምን እንደሆኑ ስትጠይቅ ደግሞ ዘዴውን ነገርናት፤ በደብተሯ ጻፈችው።

ለአባላቱ ምን እንደነገርኳቸው ስትመጣ እንደምትሰማ ጽፌልህ ነበር፤ ግርግሩ ውስጥ ሳልነግርህ ሄድክ። ደብዳቤህን ነው ያነበብኩላቸው፤ የአባባን ክፍል ትቼ። ሲያልቅ ሊቀመንበሩ "ለሃያ ሁለት ሰው በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሠላሳ ዓመት" አለና ወረቀት አውጥቶ ማባዛት ጀመረ። ከሰባት መቶ ሺህ ሳህን በላይ መጣ። ወረቀቱን ለሁሉም አዙሮ አሳየ። ከዚያ ወዲያ ካፒቴን ያለህ የለም፤ የናቀህም የለም። ስትመጣ ሁሉም ተነሥተው የተቀበሉህ ለዚያ ነው፤ ጃኬት ባትለብስም።

አሁን ወደ ጥያቄህ።

አንተ ውኃ ውስጥ ስትገባ፣ ያ የመኮንኑ ወረቀት በሙሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። አንድ ሰው ጣቱን ይቀስርበት፣ ዓይኑን አይንቀልበት፣ ራቅ ብለሽ ዙሪ፣ ሸራውን አላልተሽ በቀስታ ቅረቢ የሚለው ሁሉ። ሐኪሙ ጣቱን ቀስሮልሃል፣ እሱ አልረሳም። እኔ ግን እጄ መሪው ላይ ደርቆ ቀረ። ጀልባው ካንተ እየራቀ ነው። ተቆጣጣሪዋ ሰዓቷን ታያለች። ጭንቅላትህ እንደ ሎሚ ብቅ ጥልቅ ይላል። እናታችንን ትጠራለህ ብዬ ነበር። ወይ እኔን። ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት የሚጠራው ይታወቃል።

አንተ ግን ባለ በሌለ ድምፅህ "ምድጃውን አጥፉት፣ ሊያርር ነው" ብለህ ጮኽህ።

ሁለት ጊዜ ነው ያልከው። ሁለተኛውን ጊዜ ስትል "ክዳኑን ክፈቱለት" የሚልም ጨምረሃል።

ዳር ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቄ ከሆዴ ፈንቅሎ ወጣ፤ ሳቁ ሲወጣ እጄ ተፈታ፤ እጄ ሲፈታ ጀልባው ዞረ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ። ሰው ልሞት ነው ብሎ ባሰበበት ደቂቃ የሚያስበው የሌላ ሰው ምሳ እንዳያርር ከሆነ፣ ያንን ሰው ውኃ ውስጥ ትቶ የሚሄድ እጅ የለም። ጎትቼህ ዳር እንደደረስን ተቆጣጣሪዋ ወደ ሐኪሙ ጠጋ ብላ "ሰውየው ሥራው ምንድን ነው?" ብላ ጠየቀች። ሁሉም በአንድ ድምፅ መለሱላት። "ያስታውቃል" ብላ ጻፈች።

ነገ ወቅቱ ይከፈታል። በመጀመሪያዋ ጀልባ የምንወጣው እኔና የጥርስ ሐኪሙ ነን። ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ ጓንቱን እያወለቀ "ነገ መሪውን እኔ ልያዝ?" አለኝ። የቀጠሮ መዝገቤን ዘግቼ ቀና አልኩና "አንተ ገመዱን ትይዛለህ" አልኩት።

እህትህ